ማዳመጫው ከየት ይምጣ?

ጆሮዬ መድከሙን ከእኔ ቀድመው ያወቁት አዴት ገበያ ዳር ወዳለችው የስፌት ቤቴ የሚመጡ ደንበኞቼ ናቸው። የወንድ ድምፅ ይገባኛል፤ ሴትና ሕፃን ሲያናግረኝ ግን ከንፈር ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው የማየው። ቤተ ክርስቲያንም ከበሮው ይደርሰኛል፣ ጸናጽሉ የለም። ኋላማ ልኩን በጠመኔ ጨርቁ ላይ አስጽፍ ጀመር። ባለቤቴ «አንተ ሰውየ፣ ሚስጥራችንን ጎረቤቱ ሁሉ ሰማው፤ አንተ ብቻ ቀረህ» እያለች ትስቅብኛለች።

የአዴቱ ነርስ ኩክ ይሆናል ብሎ አጠበልኝ፤ ለውጥ የለም። 42 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ ባሕር ዳር የመንግሥት ሆስፒታል ገባሁ። ድምፅ በማያስገባ ጠባብ ክፍል አስቀምጠው፣ በሰማሁ ቁጥር ቁልፍ እንድጫን አዘዙኝ። ባለሙያዋ መስመሩ በስተመጨረሻ ቁልቁል የወረደበትን ወረቀት አሳየችኝ። ያጣሁት ቀጭኑን ድምፅ ነው፤ የእርጅና የመስማት ችግር ብዙውን ጊዜ ከዚያ ይጀምራል።

«ጋሸ፣ ማዳመጫ ያስፈልግዎታል» አለችኝ። የጤና መድን ደብተሬ ለምርመራው ሠራ፤ ለማዳመጫው አልሠራም። እሱ በእርዳታ ሲመጣ ነው የሚታደለው፤ ስልኬን ተቀበሉኝ። አዲስ አበባ ካለ የግል ሱቅ ብናስጠይቅ የሁለቱ ጆሮ ዋጋ የጥማድ በሬ ሆኖ ተገኘ። አሜሪካ ያለው የወንድሜ ልጅ ደግሞ «እኔ እልክልዎታለሁ» አለ። እዚያ ከጥቅምት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከሱቅ ይገዛል። ግን የሚሸጠው ለቀላልና ለመካከለኛ ችግር ነው፤ የእኔ ከዚያ አልፏል። ደግሞ በየማታው ቻርጅ ይፈልጋል አለኝ፤ መብራታችንን የማያውቅ ይመስል!

ክረምቱ ከወጣ በኋላ ከባሕር ዳር ተደወለልኝ። ሄጄ ማዳመጫውን ተቀበልኩ፤ ከጆሮ ጀርባ የሚንጠለጠል፣ ውበት የሌለው ነገር ነው። አዴት ተመልሼ ጨርቅ ስቆርጥ መቀሴ ጮኸ፤ ድምፅ እንዳለው ረስቼው ነበር። ባጃጁ ግን ጭንቅላቴን ሊያፈርሰው ደረሰ። ተመልሼ ሄድኩ፤ ልጅቱ ኮምፒውተሯ ላይ ነካክታ ዝቅ አደረገችልኝ።

ያስቸገረኝ ባትሪው ነው። ብርቱካናማውን ልጣፍ ሲልጡት አየር ገብቶት መሥራት ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ቢጠቀሙበትም ባይጠቀሙበትም ማለቁ አይቀርም። አዴት አይሸጥም። የወንድሜ ልጅ አሁን የሚልክልኝ ባትሪ ነው።

ለእኔ የመንግሥቱ በልጧል። በነፃ ስላገኘሁት ብቻ አይደለም፤ ሲያስቸግረኝ የምታስተካክለው ልጅ ባሕር ዳር ስላለች ነው። በሬውን ሸጦ የሚገዛ ሰውም ዋጋ ከመከራከሩ በፊት ማን እንደሚያስተካክልለትና ባትሪው የት እንደሚገኝ ይጠይቅ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ማዳመጫ ከሚጠቅማቸው ሰዎች የሚጠቀሙት 17 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። እንግሊዞች ከ1948 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሕዝባቸው በነፃ ይሰጣሉ፤ ዛሬ ባትሪውም በነፃ ነው። እኛ ያን ያህል ባንደርስ እንኳ፣ ለምርመራዬ የከፈለው መድን ለባትሪው ይክፈልልን።