ጉርሻው ለማን ነው? ከጣርማ በር መንገድ

ከደሴ ወደ አዲስ አበባ በመኪና የመጣ ሁሉ የጣርማ በርን ዳገት ያውቀዋል። ከደብረ ሲና ተነስቶ እየተጠማዘዘ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትርን ያልፍና፣ ጣልያን አገራችንን በያዘችባቸው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ወደ ተፈለፈለው ዋሻ ይገባል። በክረምት ጉሙ ከፊት ያለውን መኪና እንኳ አያሳይም።

እኛም በ2009 ዓ.ም. የዐረፋን በዓል ከዘመድ ጋር አሳልፈን በነሐሴ መጨረሻ ስንመለስ፣ ዋሻው ጋ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን የመኪናችን ፍሪሲዮን ተቃጠለ። ጎማውን በድንጋይ ታኮ አስደግፈን፣ አንድ አላፊ ሾፌር በሰጠን ስልክ ከደብረ ብርሃን ክሬን አስጠራን። ዋጋው እዚያው በስልክ 3,000 ብር ተቆረጠ። ይህስ ደግ ሆነ፤ መኪና በሰንሰለት ከታሰረ በኋላ የሚነሳ የዋጋ ክርክር ለማንም አይበጅም።

ክሬኑ ከሁለት ሰዓት በኋላ ደረሰ። ሾፌሩ ከጋቢናው ሳይወርድ ያዝዛል። ዕድሜው ከ17 የማይበልጥ ረዳቱ ግን በዝናቡ ጭቃው ላይ ተንጋሎ ከመኪናችን ሥር ገባ። ሲወጣ እጁ በግራሶ ተለውሶ ስለነበር እናታችን ድፎ ዳቦ ቆርሰው አጎረሱት። «ድገም ልጄ፣ አንድ ያጣላል» አሉት።

ደብረ ብርሃን ጋራዥ በር ላይ ዋጋውን ከፍለን፣ 200 ብር ጨምረን ለሾፌሩ ሰጠንና «ተካፈሉ» አልን። «እግዜር ይስጥልኝ መምህር» ብሎ ሁሉንም ኪሱ ከተተ። ረዳቱ ዓይኑን ወደ መሬት ሰበረ።

አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን መኪናቸውን ለሚጎትት ሰው ጥቂት ዶላር መጨመር የተለመደ ቢሆንም ግዴታ እንዳልሆነ ያጫውቱናል። እኛ ዘንድ ልኩን የወሰነ የለም። ጉርሻ ዕዳ አይደለምና ማንም ሊጠይቀን አይገባም፤ ሥራው ሳይጀመር ከተሰጠማ ወደ መደለያ ያዘነብላል። ነገር ግን የተስማማንበት ዋጋ ለክሬኑ ባለቤት ይገባል፤ ሾፌሩም ደመወዝ አለው። ረዳቱ፣ በመንገድ እንዳጫወተን፣ የሚኖረው ቀን በቀን በሚያገኘው ነው። እኛ ደግሞ ጭቃ ውስጥ የተኛውን ትተን መሪ ለያዘው ሰጠን። ለምን ቢሉ፣ ትልቁን ማስቀደም ጨዋነት መስሎን ነበር።

ማታ ባደርንበት ሆቴል እናታችን «ዳቦውንስ ለሾፌሩ ሰጥቼ ለልጁ አካፍለው ብለው ኖሮ?» አሉን። መልስ አልነበረንም።

ጠዋት 100 ብር ይዘን ክሬኑ ወደሚያድርበት ሄድን። ዘበኛው «ሌላ መኪና ሊያነሱ ሌሊት ወጥተዋል» አለን።

«እንግዲያው ብሩን ለዘበኛው ትተንለት እንሂዳ» ብንል እናታችን ሳቁብን። እስከ ዙህር እዚያው ጠበቅን።