«የት?» ብዬ ባለመጠየቄ

የጋዜጠኝነት ተማሪ አንደኛ ዓመት ሳይጋመስ «ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን፣ እንዴት» የሚሉትን ጥያቄዎች እንደ አቡጊዳ ይወጣቸዋል። እኔም ወጥቻቸዋለሁ። አምና ሰኔ ላይ ግን ከስድስቱ አንዷን ዘልዬ የዶርም ጓደኛዬን ለሥቃይ ዳረግሁት። ይህን የምጽፈው «ስሜን ካላነሳህ ጻፈው» ስላለኝ ነው።

ጭላሎ በጉም ተሸፍኖ በዋለበት በአንዱ የአሰላ ብርዳም ማታ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ኪንታሮት ሳይወጣብኝ አልቀረም» አለኝ። መቼም በአማርኛ «ኪንታሮት» ብዙ ነገር ይሸከማል። እጅ ላይ የሚወጣውም ኪንታሮት፣ ፊንጢጣ ላይ የሚያብጠው የደም ሥርም ኪንታሮት፣ ብልት ላይ የሚወጣውም ኪንታሮት ነው። እኔ ታዲያ «የት?» ብዬ አልጠየቅሁም፤ አፈርኩ። በማግስቱ «ኪንታሮትን ያለ ኦፕራሲዮን እናድናለን» የሚል ታፔላ አይቼበት ወደነበረ ቤት ይዤው ሄድኩ።

ሰውዬውም አልጠየቀ፣ አላየ። በወረቀት የተጠቀለለ ዱቄት ሰጠንና «በቅቤ ለውሰህ ቀባው» አለ። በሦስተኛው ቀን ቆዳው ተላጠ፤ ጓደኛዬ መራመድ አቃተው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። እሱ ግን ነግሮኝ ነበር፤ ጠይቄ ያልሰማሁት እኔ ነኝ።

ጤና ጣቢያ ያገኘናት ሲስተር የመጀመሪያ ጥያቄዋ «የት ነው ወንድሜ?» የሚል ነበር። ካየችው በኋላ የብልት ኪንታሮት መሆኑን ነገረችን። አምጪው ሂዩማን ፓፒሎማ የሚባል ቫይረስ ነው። ከ200 በላይ ዓይነቶች ያሉት ሲሆን፣ ከ10 የብልት ኪንታሮቶች 9ኙን ገደማ የሚያመጡት ዓይነት 6 እና 11 ናቸው። የማኅፀን በር ካንሰርን በአብዛኛው የሚያመጡት ደግሞ 16 እና 18 ናቸው። የሚተላለፈው በግንኙነት ጊዜ ቆዳ ከቆዳ ሲነካካ ነው። ስለዚህ ኮንዶም አደጋውን ይቀንሳል እንጂ፣ ያልሸፈነው ቆዳ ስላለ ሙሉ በሙሉ አያስቀረውም።

«ታዲያ እሷ ናት ያስያዘችኝ?» አለ ጓደኛዬ። ከፍቅረኛው ሊጣላ ተዘጋጅቶ ነበር።

«በምን ታውቃለህ? ከተያዝክ ከሳምንታት፣ ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ቆይቶ ነው የሚወጣው። አንተም ሰጥተሃት ይሆናል። ከመጣላት ይልቅ እሷም መጥታ ትታይ» አለችው። የኤችአይቪና የቂጥኝ ምርመራም እንዲያደርግ መከረችው።

ቃጠሎው እስኪድን ተጠበቀ። ከዚያ በባለሙያ እጅ በሚቀባ መድኃኒት ታከመ። አንዳንዱ በብርድ ይደርቃል፣ አንዳንዱም ተቆርጦ ይወጣል። ሕክምናው ኪንታሮቱን እንጂ ቫይረሱን ስለማያጠፋ ተመልሶ ሊወጣ ይችላል፤ የጓደኛዬም አንድ ጊዜ ተመልሷል። ደግነቱ የአብዛኛው ሰው ሰውነት በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ ቫይረሱን ራሱ ያሸንፈዋል።

ከጥቂት ወራት በኋላ እማዬ ከሳጉሬ ደወለች። «የእህትህ ትምህርት ቤት የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት ሊሰጥ ነው። ያመክናል ይላሉ፤ ላስቀራት እንዴ?» አለችኝ። ድሮ ቢሆን «እንደመሰለሽ» እላት ነበር።

«እማዬ፣ ማነው ያለሽ? የት ሰማሽ?» አልኳት።

«ገበያ ላይ ነው፤ ማን እንዳለው እንጃ።»

ክትባቱ እንደማያመክን አስረዳኋት። በአገራችን በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ተጀምሮ፣ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት በዘመቻ መሰጠቱንም ነገርኳት። የሚከላከለው ቫይረሱ ሳይገባ ነው፤ የገባውን አያድንም። አንዳንዶቹ የክትባቱ ዓይነቶች የጓደኛዬን ዓይነት ኪንታሮትም ይከላከላሉ። እህቴ ተከትባለች።

እንግዲህ የዲፓርትመንታችን ልጆች፣ ጓደኛችሁ ማታ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ነገር ከነገራችሁ፣ እያፈራችሁም ቢሆን «የት?» በሉት። ከዚያ ይዛችሁት ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።