በላ ኩቨርቷራድ ቅጥር ውስጥ

በደቡብ ፈረንሳይ፣ ላርዛክ በተባለው ደረቅ አምባ ላይ፣ ላ ኩቨርቷራድ የምትባለውን በግንብ የታጠረች ትንሽ መንደር ከልጆቻችን ጋራ ሄደን አየናት። ምሽጓን ያቆሙት ቴምፕላር የተባሉ መነኰሳት ወታደሮች ናቸው። ማኅበራቸው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1312 ዓመት ከፈረሰ በኋላ ርስቱ ለሆስፒታሊዬ ማኅበር ተላለፈ፤ በ15ኛው መቶ ዓመት መንደሯን በቅጥር ያስከበቡ እነዚሁ ናቸው።

ከግንቡ ይልቅ እኛን ያስደነቀን የውሃው ነገር ነው። ምድሩ የዝናሙን ውሃ ወዲያው ስለሚያሰርገው፣ ሰዎቹ ከጣራ የሚወርደውን በጕድጓድ ያጠራቅሙ ነበር፤ ለበጎችም መጠጫ ከቅጥሩ ውጭ ድንጋይ የተነጠፈበት ኵሬ አለ።

ከበሩ ስንደርስ ታናሹ ልጃችን፣ «ጠላት መጥቶ በሩ ሲዘጋ፣ በኵሬው ዘንድ ያለው እረኛ ወዴት ይገባ ነበር?» ብሎ ጠየቀን። እናቱ፣ «አስቀድመው ይጠሩታል» ብትለው፣ «ባይሰማስ?» አላት። እኛም ግንቡን ስናደንቅ ቆይተን ይህን ከቶ አላሰብነውም ነበርና መልስ አጣንለት።