ሐረግ በሹራብ ይወጣል?

ሹራብ ላይ ያለ ሽሩባ ክሩ እንደ ፀጉር የተጎነጎነ ይመስላል። ሥራው ግን ቀለበቶቹን ተራ ማለዋወጥ ብቻ ነው። ስድስት ቢሆኑ የመጀመሪያዎቹን ሦስት በረዳት መርፌ ይዞ ማቆየት፣ ቀጣዮቹን ሦስት ቀድሞ መሥራት፣ ከዚያ ወደቆዩት መመለስ። የቆዩት ከፊት በኩል ከተያዙ ገመዱ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ከጀርባ ከተያዙ ወደ ቀኝ። የአየርላንዶቹ የአራን ደሴቶች ሹራብ ገመዶች የሚወጡት በዚህችው ዘዴ ነው።

እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው፤ በብራና መጻሕፍቶቻችን ገጽ አናት ላይ የሚሣለው ሐረግ። በሐረግ መስመሩ ይታጠፋል፣ ይመለሳል፣ በራሱ ላይ ዞሮ ይዘጋል። ሹራብ ደግሞ ረድፍ በረድፍ ወደ ላይ ብቻ ያድጋል፤ ገመዱ ወደ ጎን ቢያዘነብልም ተመልሶ አይወርድም።

መላውን ያገኘሁት ከስዊድናዊቷ ዲዛይነር ከኤልሰቤት ላቮልድ ነው። የቫይኪንጎችን የተጠላለፈ ጌጥ ወደ ሹራብ ስታመጣ የገጠማት ይኸው ችግር ነበር። ዙሩ በሚጀምርበት ነጥብ ላይ አዳዲስ ቀለበቶች ታበቅላለች፤ ግማሾቹ ወደ ግራ፣ ግማሾቹ ወደ ቀኝ ይሄዳሉ። በሚዘጋበት ቦታ ደግሞ መልሳ አንድ ላይ ትቀንሳቸዋለች። ሁለት ገመዶች ናቸው፤ ሲያዩት ግን አንድ መስመር የታጠፈ ነው። ይህን ሳውቅ የተሰማኝ ደስታ ልክ አልነበረውም!

ንድፉን ስኩዌር ደብተር ላይ የምትሥሉ አንድ ነገር ልብ በሉ። የሹራብ ቀለበት ከቁመቱ ወርዱ ስለሚበልጥ ወረቀት ላይ ክብ የነበረው ሲሠራ ተጨፍልቆ ይወጣል። ስለዚህ በቁመት ረድፍ ጨምሩለት። ሽሩባ ጨርቁን ይሰበስባል፤ ወርዱን ከመወሰናችሁ በፊት ትንሽ ቁራጭ ሠርታችሁ ለኩ። ክሩ ነጣ ያለና ለስላሳ ይሁን፤ ጥቁርና ፀጉራም ክር ድካማችሁን ይውጠዋል።

ከሁሉ የሚያስጨንቀው መተላለፉ ነው። አንዱን ገመድ ከላይ ያለፈ፣ ቀጣዩን ከሥር ማለፍ አለበት። አንዷ ከተሳሳተች ጠቅላላው ጥልፍልፍ ይፈርሳል፤ ስሕተቷ የምትታየው ደግሞ ብዙ ረድፍ ካለፈ በኋላ ነው።

ሐረግን ቲሸርት ላይ ማተም ቀላል ነው። እኔ ግን ጣት የሚዳስሰው፣ ከጨርቁ ብድግ ያለ ሐረግ ነው የምፈልገው። ሐረግ የምትሥሉ ወገኖቼ፣ መስመሩን ከየትኛው ጫፍ ነው የምትጀምሩት? መገናኛዎቹን አስቀድማችሁ በነጥብ ትለያላችሁ ወይስ እጃችሁ ራሱ ይመራችኋል? እባካችሁ ጻፉልኝ፤ እኔ የግድ ከታች መጀመር አለብኝ።