በድሬዳዋ በፈረስ ስለ ተደረገ ሽርሽር

ሰው ዓመቱን ሙሉ በሥራ ከርሞ ጥቂት ቀን ዕረፍት ባገኘ ጊዜ፥ አገርና አየር መለወጡ ለሥጋውም ለአሳቡም ጥቅም እንደሚሰጠው የታወቀ ነው። በሜዲቴራንያን ባሕር ዙሪያ የሚኖሩ ሕዝቦች ለዚህ ነገር አንድ መልካም ልማድ አላቸው፤ ይኸውም በገጠር በተሠራ ሆቴል ጥቂት ቀን ተቀምጦ፥ በየማለዳው በፈረስ ላይ ሆኖ በወይንና በወይራ ተክል መካከል መሸራሸር ነው። በፈረንሳይ አገር በደቡብ በኩል፥ የሮን ወንዝ ወደ ባሕር በሚገባበት ካማርግ በሚባለው ረግረግ ምድር የታወቁ ነጫጭ ፈረሶች አሉ፤ እነዚህም ሲወለዱ ጥቁር ወይም ቡናማ ሆነው፥ ዕድሜያቸው እየጨመረ ሲሄድ እንደ አምባላይ ይነጣሉ። እኛም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን የነዚህን ፈረሶች ሥዕል አይተን፥ እንዲህ ያለውን ሽርሽር አንድ ቀን ለማድረግ ተመኝተን ነበር። ነገር ግን ባሕር ተሻግሮ መሄድ በፍርድ ቤት ጸሐፊ ደመወዝ የሚቻል ስላልሆነ፥ ምኞታችንን በአገራችን ለመፈጸም ቆርጠን በጥር ወር ከባለቤታችንና ከሁለቱ ልጆቻችን ጋራ ወደ ድሬዳዋ ወረድን።

ድሬዳዋን የመረጥንበት ምክንያት አለን። የምድር ባቡሩ ሥራ በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ በተጀመረ ጊዜ አሳቡ በሐረር በኩል እንዲያልፍ ነበር፤ ነገር ግን የተራራው ዳገት እጅግ የከበደ ስለ ሆነ ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ እንዲያልፍ ተደረገ። በ1895 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ባቡሩ እዚያ ሲደርስ ከተማይቱ ተቆረቆረች፤ በመጀመሪያም አዲስ ሐረር ተብላ ነበር። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን ባቡሩ በሌሊት ስለማይጓዝ ተሳፋሪው በድሬዳዋ ማደር ግድ ሆነበት፤ ሆቴልም በዚህ ምክንያት ተስፋፋ። ወደ ሐረር የሚወጣው ደግሞ በማለዳ በቅሎውን ወይም ፈረሱን ጭኖ ዳገቱን ይያያዘው ነበር። እንግዲህ በድሬዳዋ ሆቴል አድሮ በማለዳ በፈረስ ወደ ተራራ መውጣት አዲስ ነገር አይደለም፤ ከከተማይቱ ጋራ አብሮ የተወለደ ልማድ ነው።

ሆቴላችን ቀጥ ባሉት መንገዶችዋና በዛፎችዋ ጥላ በታወቀችው በከዚራ ነበር። ከከዚራ ወደ መጋላ ሲሻገሩ የደቻቱ ወንዝ አለ፤ በበጋ የደረቀ አሸዋ ነውና ለማያውቀው ሰው ወንዝ አይመስለውም። ነገር ግን በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ ወር መጨረሻ ከተራራው የወረደው ጎርፍ በሌሊት ከተማይቱን መትቶ ከ200 በላይ ሰው ጨርሷል። ስለዚህ የድሬዳዋ ሰው ተራራውን የሚመለከተው እንደ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ደመና ያየበት እንደ ሆነ ይጠነቀቃል።

ባለሆቴሉ ፈረስ እንዲያስመጣልን ብንጠይቀው፥ ከደጋ አንድ ባለፈረስ ሦስት ፈረሶች ይዞ መጣ። ፈረሶቹም በዋዜማው ድንችና ሽንኩርት ጭነው ለገበያ የወረዱ ነበሩ። አንዱ ዳማ ፈረስ ቀይ ግላስ ለብሶ፥ ልጓሙም በዛጎል አጊጦ ስለ ነበረ ዓይናችን እሱን ወደደ። ባለፈረሱም፥

«አቦ፥ አንተ ከባድ ሰው ነህ፤ ጠቆር ያለው ይሻልሃል» አለን።

የድሬዳዋና የአካባቢዋ ሰው ታላቅና ታናሽ ሳይለይ ሁሉን «አንተ» ማለት ልማዱ ነው፤ ይህም ከፍቅር እንጂ ከንቀት አይደለም። እኛ ግን በጽሕፈት ቤት «እርስዎ» መባል የለመድን ስለ ሆንን ነገሩ ጥቂት ከነከነን፤ ባለቤታችንም አፍዋን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። በዚህ ምክንያት ምክሩን ሳንሰማ «ዳማውን አምጣልን» አልን። ባለቤታችን በጠቆር ያለው፥ ልጆቹም በሦስተኛው ላይ በተራ ሊቀመጡ ተስማምተን፥ ፈጢራ በማር ቀምሰን ፀሐይ ሳትወጣ ተነሣን።

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ስትሆን፥ ደንገጎ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። በአንድ ማለዳ ከቆላ ወደ ደጋ መውጣት ማለት ይህ ነው። በመጀመሪያ ግራሩና ቁልቋሉ፥ የግመሎቹም ሰልፍ ያጅባል፤ ከዚያ በኋላ ነፋሱ እየቀዘቀዘ፥ በእርከን የተሠራው የማሽላና የጫት እርሻ እየታየ ይሄዳል። የጭነት መኪና እንዳያስደነግጠን ከአስፋልቱ ወጣ ብለን በእግር መንገዱ ሄድን፤ ልጆቹም እየዘፈኑ ደስታችን ሙሉ ሆነ።

ከመንገዱ ሁለት እጅ ያህሉን ከሄድን በኋላ ዳማው በአንድ ጥምዝ ላይ ቆመ። በእርካብ ብንጐሽመው አልሄድ አለ። እልከኛ ነው ብለን በያዝነው ጭራሮ ሁለት ጊዜ መታነው። ሦስተኛ ስናነሣ በኋላችን በእግርዋ ትሄድ የነበረችው ሴት ልጃችን፥

«አባባ፥ አትምታው! ከግላሱ ሥር ደም ይወርዳል» ብላ ጮኸች።

ወርደን ኮርቻውን ብናነሣ፥ በትከሻው አጥንት ላይ እንደ መዳፍ የሰፋ ገጣባ አገኘን። ያ የወደድነው ቀይ ግላስ ቍስሉን የሚሸፍን መጋረጃ ሆኖ ኖሯል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሳለን በለዓም አህያይቱን ሦስት ጊዜ እንደ መታት፥ እርስዋ ግን እሱ ያላየውን አይታ እንደ ቆመች ተምረናል፤ ይህን ታሪክ ለልጆቻችን የነገርናቸው እኛው ነን። አሁን ግን በልጆቻችን ፊት ጭራሮ ይዘን የተገኘን እኛ ሆንን።

አፍረን ነበርና ቍጣችንን በባለፈረሱ ላይ አዞርነው። «እንዴት የቈሰለ እንስሳ ታከራያለህ?» አልነው። እሱም ሳይቈጣ እንዲህ ሲል መለሰ፤

«ቍስሉን አውቃለሁ። ጠቆር ያለው ይሻልሃል ብዬህ ነበር። ዳማው አንድ ቀን ባረፈ ቍጥር የልጆቼ ጥሬ ይጐድላል። አንተም ግላሱን አየህ እንጂ ጀርባውን አልጠየቅኸኝም።»

ሃያ ዓመት ያህል የከሳሽና የተከሳሽ ቃል ስንጽፍ ኖረናል፤ እንዲህ ያለ መልስ ግን ብዙ ጊዜ አልሰማንም። ከሳሽ ነን ያልነው ተከሳሾች ሆነን፥ የምንመልሰው ቃል አጣን።

የቀረውን ዳገት በእግራችን ወጣን። ባለፈረሱ ኮርቻውን በራሱ ትከሻ ተሸከመ፤ ዳማው ባዶ ጀርባውን ሆኖ ከልጃችን ኋላ ተከተለ። እስከ ደንገጎ ድረስ ልጃችን አላነጋገረችንም። በመንገድ ላይ የአባቶቻችንን የፈረስ ስም እናስብ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ የሐረሩ ገዥ ልዑል ራስ መኰንን አባ ቃኘው ይባሉ ነበር። ቃኘው የሚለው ስም እጅግ የከበረ ስለ ሆነ፥ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮርያ የዘመተው ሻለቃ ጦር ተሰየመበት። በፈረሱ ስም የሚጠራ ጌታ የፈረሱን ጀርባ ለባልደራሱ አደራ ይሰጥ ነበር፤ እኛ ግን ክብሩን ወደን አደራውን ረሳን።

በደንገጎ ቆም ብለን ስንመለከት፥ በአንድ ወገን ቆላው በጭጋግ ተሸፍኖ፥ በሌላው ወገን የማሽላው አገዳ ተከምሮ ታየን። እዚያ ከባለፈረሱ ጋራ ስምምነት አደረግን፤ ዳማው ለአምስት ቀን ያለ ጭነት እንዲያርፍ የአምስት ቀን ኪራዩን ከፈልነው። ቍስሉን ፈልቶ በበረደ ውሃ በጨው እንዲያጥበው፥ እስኪድን ድረስም ኮርቻ እንዳያስነካው ነገርነው፤ እሱም ይህን ከእኛ ይልቅ ያውቅ ነበር። የጐደለው ዕውቀት አልነበረም፤ ዕረፍቱን የሚከፍል ሰው ነበር። ስድስተኛው ቀን እንዴት እንደሚሆን ግን ዋስ የለንም።

በደንገጎ አድረን በማግሥቱ በሁለቱ ፈረሶች ወደ ሐረማያ ሄድን፤ ሜዳው ለልጅ ግልቢያ የተመቸ ነው። ሐይቁ ለመጠጥና ለመስኖ ብዙ ውሃ ስለ ተቀዳበት፥ ደለልም ስለ ሞላበት፥ በ1990ዎቹ መጨረሻ ፈጽሞ ደርቆ ነበር፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ግን ውሃ ተመልሶበታል። ልጃችን ይህን ሰምታ ጥቂት ካሰበች በኋላ «እሱም አርፎ ነው የዳነው፥ አባባ?» ብላ ጠየቀችን። ከዳገቱ ወዲህ ለእኛ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር። እኛም መልሳችን አዎን ሆነ።

እንደ እኛ ለሽርሽር የሚወጡ አንባቢዎቻችን ይህን እንዲጠነቀቁ እንለምናለን። ፈረስ ከመከራየታችሁ በፊት ኮርቻውን አስወርዱና እጃችሁን ከማጅራቱ እስከ ወገቡ አሳልፉ፤ ቆዳው የተንቀጠቀጠ እንደ ሆነ አትቀመጡ። የአፉን ጠርዝ ልጓም እንዳልቈረጠው፥ ኮቴውም እንዳልተሰነጠቀ ተመልከቱ። በቆላ በማለዳና ወደ ማታ እንጂ በቀትር አትጋልቡ። በብርቱ ዳገትና በቍልቍለት ውረዱ። ኪራይ ስትከፍሉም የዕረፍቱን ቀን ጨምራችሁ ክፈሉ። ሥልጣን ያላችሁም ባለሆቴሎች ለእንግዳ የሚያቀርቡት እንስሳ ጀርባው እንዲመረመር ብታደርጉ፥ የእንስሳው ጤና፥ የባለቤቱ እንጀራና የእንግዳው ደስታ ባንድነት ይጠበቃል።

አባቶቻችን ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይላሉ። እኛም የፍርድ ቤት ጸሐፊ እንደ መሆናችን፥ ክስም አያቀርብም ብለን እንጨምርበታለን። ስለዚህ የተቀመጠበት ሰው ራሱ ወርዶ ጀርባውን ይመልከትለት።