በበዓለ ሃምሳ የጾም ምግብ ፍለጋ

የአገራችን ሰው እንግዳ ሲመጣበት አስቀድሞ የሚያስበው የሚያበላውን ነው። እንግዳውም ቢጠግብ እንኳ «በሞቴ» ተብሎ አንድ ጉርሻ ሳይጨመርለት ከማዕድ አይነሣም። እንግዲህ እንዲህ ባለ አገር፣ ያውም በትንሣኤ በዓል ዕለት፣ «ሥጋ አልበላም፤ ቅቤም አልቀምስም» የሚል ሰው ከማዕዱ ቢቀርብ ምን ይሆናል? እኔ ይህን ነገር በመጽሐፍ አልመረመርሁትም፤ በዘመዶቼ ቤት ሲደርስ አየሁት እንጂ።

በ2011 ዓ.ም. የአክስቴ ልጅ ዐሥራ ሁለት ዓመት ከተቀመጠበት ከእንግሊዝ አገር ለበዓል ወደ አዲስ አበባ መጣ። በዚያ ዓመት ትንሣኤ የዋለው ሚያዝያ 20 ቀን ነበረ። አክስቴ ሃምሳ አምስቱን ቀን በሽሮና በምስር አሳልፈው፣ ለልጃቸው ብለው በግ አሳርደው፣ ዶሮውንም በገዛ እጃቸው ዐሥራ ሁለት ብልት አውጥተው ሠርተው ጠበቁት። ማዕዱ በቀረበ ጊዜ ፈረሰኛውን ብልት አንሥተው ከፊቱ አኖሩለት። እሱ ግን እጁን ሳይዘረጋ፣

«እማዬ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ሥጋ ከተውሁ አራት ዓመቴ ነው» አለ።

«እንግዲያስ ዕንቁላሉን ብላ።»

«ዕንቁላልም አልበላም።»

«አይቡንስ?»

«አይቡንም።»

አክስቴ መጀመሪያ የታመመ መሰላቸው። አለመታመሙን በሰሙ ጊዜ ግን የባሰ ነገር ጠረጠሩ። «በፋሲካ ዕለት የሚጾም ክርስቲያን የት ታየ? ልጄን ሃይማኖቱን አስለውጠውብኛል» ብለው ወደ ማድ ቤት ገብተው አለቀሱ።

ወንድሜ (የአክስት ልጅ ወንድም ነውና እንዲህ ብዬ ልጥራው) ማታ ለብቻችን ስንሆን ነገሩን አስረዳኝ። በዚያ አገር ከእንስሳት የሚገኘውን ምግብ ሁሉ በፈቃዳቸው የተዉ ሰዎች ብዙዎች ናቸው። ሥጋ የማይበሉት በማኅበር የተሰበሰቡት በፈረንጅ አቆጣጠር በ1847 ዓ.ም. ሲሆን፣ ወተትንና ዕንቁላልንም ጨምረው የተዉት በ1944 ዓ.ም. ከእነሱ ተለይተው የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ፤ «ቬጋን» የሚለውንም ስም ያን ጊዜ አወጡለት። እሱን ወደዚህ ያደረሰው በትልልቅ የእርባታ ቤቶች ውስጥ ተጨናንቀው የሚያድጉትን ዶሮዎች ማየቱ ነው። ሃይማኖቱን እንዳልለወጠም በማተቡ ምሎ ነገረኝ። በበኩሌ ለሁለቱም አልፈረድሁም። እናቱ ቢቸኩሉም፣ እሱም ቢሆን በጉ ሳይገዛ አስቀድሞ አንድ ቃል በስልክ መንገር አያቅተውም ነበረ።

አክስቴ ልጃቸው በደኅና ከመጣ ላስታ ወርደው ላሊበላንና ይምርሐነ ክርስቶስን ሊሳለሙ ተስለው ኖሮ፣ ልጅየውን ቢቀየሙትም ስእለታቸውን ማስቀረት አልፈለጉም። እኔም ከመሥሪያ ቤቴ የዓመት ፈቃድ ወስጄ፣ በእናትና በልጅ መካከል አስታራቂ እንድሆን ተጠርቼ፣ በግንቦት ወር መጀመሪያ ሦስታችን በአውቶቡስ ተነሣን። በመንገድ ሁሉ አክስቴ ከእኔ ጋር እንጂ ከልጃቸው ጋር ብዙ አልተነጋገሩም። ደብረ ሲና ስንደርስ እኔና አክስቴ ጥብስ በላን፤ እሱ ግን ከቆሎ ሻጮቹ አንድ ትልቅ ከረጢት ገብስና ሽምብራ ገዝቶ እስከ ደሴ ድረስ ሲቆረጥም ሄደ። በማግሥቱ ወልድያን አልፈን፣ ጋሸና ላይ ታጥፈን፣ ወደ ማታ ላሊበላ ገባን።

ችግራችን የጀመረው እዚያ ነው። ለሥጋ የለሽ ምግብ ከኢትዮጵያ የተሻለ አገር ያለ አይመስለኝም። አንድ ምእመን በዓመት ውስጥ ከ180 የማያንሱ ቀኖችን ይጾማል፤ ቀሳውስቱና መነኮሳቱ ከዚያም ይበልጣሉ። በእነዚህ ሁሉ ቀኖች ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና ዕንቁላል ስለማይበላ፣ ሴቶቻችን በብዙ መቶ ዓመታት ውስጥ የምስሩን ወጥ፣ የክኩን አልጫ፣ አዚፋውን፣ ስልጆውን፣ የሱፍ ፍትፍቱን፣ ተልባውን፣ በሽምብራ ዱቄት የሚሠራውን ዓሣ መሳይ ወጥ ሁሉ አውጥተዋል። ነገር ግን ይህ ሁሉ ሀብት ከቀን መቁጠሪያ ጋር የተሳሰረ ነው። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ሃምሳ ቀኖች ጾም የለም፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ ይበላል። እኛ ላሊበላ የገባነው በዚያ ወራት ነበረ።

ባረፍንበት ሆቴል የሚያስተናግደውን ልጅ «የጾም ምግብ አለ?» ብዬ ብጠይቀው ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ ጾሙ እኮ ተፈታ!» አለኝ። ጥብስ አለ፣ ክትፎ አለ፣ ዱለት አለ። ሽሮስ? ሽሮም አለ፤ ግን በቅቤ ነው። ምስሩስ? እሱም ቅቤ ገብቶበታል። ሌላ ሁለት ቤት ብንሞክር መልሱ አንድ ዓይነት ሆነ። አንደኛው ቤት ያለችው ሴትዮ እንዲያውም «ምነው፣ ንስሐ ተሰጥቷችሁ ነው?» ብላ በኀዘኔታ ጠየቀችን። አክስቴ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ወንድሜ በዚያ ማታ ፓስታ በቲማቲም በላ፤ ለቁርስም ዳቦ በሻይ። ይህን ሁሉ ሲያይ ሳቁ መጣና፣ «እኔ ለንደን ውስጥ ከሐበሻ ምግብ ቤት ገብቼ በያይነቱ በፈለግሁት ቀን እበላለሁ፤ አገሬ ገብቼ አጣሁት?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ባሕር ማዶ ያሉት ምግብ ቤቶቻችን ይህን ምግብ ዓመቱን ሙሉ ያቀርቡታል፤ ከፈረንጁ ደንበኛ ብዙው የሚመጣው እሱን ፈልጎ ነው።

በሁለተኛው ቀን አንድ ነገር አሰብሁ። አስተናጋጁን ትቼ ከወጥ ቤቷ ዘንድ ሄድሁና ስለ ጾም አንዲት ቃል ሳልናገር፣ «ምስር አለሽ?» አልኋት። «አለኝ።» «ዘይትስ?» «ሞልቶ።» «ጎመን፣ ድንች፣ ቃሪያ፣ ሽንኩርት?» «ሁሉም አለ።» «እንግዲያስ ሽንኩርቱን በዘይት አቁላልተሽ ለአንድ ሰው ብቻ ብትሠሪልን?» «ለምን እሠራ ዘንድ አቃተኝ? ግን አንድ ሰዓት ትታገሡኛላችሁ» አለች። ለካስ ችግሩ የእህሉ መጥፋት አልነበረም። በፍስክ ወራት ቅቤው ገና ከቁሌቱ ጀምሮ ስለሚገባ፣ ወጡ ከተሠራ በኋላ ከውስጡ መለየት አይቻልም፤ ለአንድ ሰው ብሎ ሌላ ድስት የሚጥድ ደግሞ የለም። እንጀራው ግን አያሠጋም፤ ምጣዱ የሚታሰሰው በጎመን ዘር ነውና። ስለዚህ እንደኛ ያለ ችግር ያለበት መንገደኛ፣ ምግቡን በስሙ ከመጠየቅ እህሉን አንድ በአንድ ቢጠይቅ፣ ጠዋትም ለማታው ቢያዝ ይበጀዋል።

ዐሥራ አንዱን አብያተ ክርስቲያናት በተሳለምንበት ቀን አክስቴ ከገበያ አንድ ገንቦ ነጭ ማር ገዙ። የላስታ ማር የታወቀ ነው። እንዲያውም ንጉሡ በተወለደ ጊዜ ንቦች ስለ ከበቡት «ላል ይበላል» ተባለ፤ ትርጓሜውም ማር ይበላል ማለት ነው እያሉ ሊቃውንቱ ይተርካሉ። አክስቴ ሁለት ቀን ሙሉ ዝም ብለው ኖረው፣ ያን ዕለት ገንቦውን ለልጃቸው እያሳዩ «ይኸ እንኳ የጾም ነው፤ ይዘኸው ትሄዳለህ» አሉት። እሱም አንገቱን ደፍቶ «እማዬ፣ ማርም ከንብ የሚወሰድ ስለ ሆነ አልበላም» አለ። ያን ጊዜ እኔም ተናደድሁ። ማር ይበላል በተባለ ንጉሥ ከተማ ውስጥ ቆሞ ማር አልበላም ማለት፣ ያውም ለእናት! ሐሰት ተናግሮ ቢቀበል ይሻል ነበረ ብዬ ወቀስሁት። እሱ ግን «ሐሰት ከነገርኋትማ በእውነት ተለውጫለሁ ማለት ነው» አለኝ።

ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ የሄድነው በማግሥቱ ነው። ከላሊበላ በመኪና መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ በጽድ ዛፎች መካከል በእግር ሽቅብ መውጣት ነው። አክስቴ ከስድሳ ዓመት በላይ ናቸው፤ ወንድሜ ክንዳቸውን ደግፎ ወጣ፤ እሳቸውም አልከለከሉትም። ቤተ ክርስቲያኑ ከዓለት የተፈለፈለ ሳይሆን በትልቅ ዋሻ ውስጥ የታነጸ ነው። ግድግዳው አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ በኖራ የተለሰነ ድንጋይ እየሆነ እንደ አክሱም ዘመን ሥራ ተደራርቦ፣ በዋሻው ጨለማ ውስጥ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ይታያል። ከኋላው የብዙ ምእመናን ዐፅም ተከማችቶ ይገኛል። ያሠራው ንጉሥ ከላሊበላ አስቀድሞ የነገሠው የዛጉዌው ይምርሐነ ክርስቶስ ነው፤ ንጉሥም ቄስም ነበረ። ቅዳሴ በቀደሰ ጊዜ ኅብስቱና ወይኑ ከሰማይ ይወርድለት ነበረ ይባላል።

አክስቴ ከተሳለሙ በኋላ ከአንድ አረጋዊ ቄስ ፊት ቀርበው፣ ልጃቸው እየሰማ፣ «አባቴ፣ ይህ ልጄ በሃምሳው ቀን ይጾማል። ቤተ ክርስቲያን የከለከለችውን በመሥራቱ አይቀጣብኝም?» ብለው ጠየቁ።

ቄሱም ወንድሜን አየት አድርገው፣ «ዛሬ ጠዋት በልቷል?» አሉ።

«በልቷል። ዳቦ በሻይ።»

«እንግዲያ ምኑን ጾመው? ጾም ሰዓት አለው፤ ጸሎት አለው፤ ስግደት አለው። እሱ የተወው ሥጋ ነው። ሥጋ ያልበላ ሁሉ ጾመኛ ከሆነማ፣ እዚህ አገር ዓመቱን ሙሉ የማይጾም የለም።»

አክስቴ ሌላ ነገር ሳይጠይቁ መስቀል ተሳልመው ወጡ። የመጨረሻይቱን የቄሱን ቃል ግን እኔም ያን ጊዜ አላስተዋልኋትም ነበረ።

ስንወርድ ዝናም ያዘንና ከተራራው ሥር ካለች አንዲት ጎጆ ተጠለልን። ባለቤቷ ወጣት ሴት ናት፤ ሁለት ልጆች አሏት። እኛን አስቀምጣ፣ እሳቱን አንድዳ፣ ብዙም ሳትቆይ የገብስ እንጀራ በቀጭን ሽሮ አቀረበችልን፤ ከጎኑም የባቄላ ንፍሮ አኖረች። ካቀረበች በኋላ ግን ከማዕዱ አጠገብ ቆማ እጇን እያፍተለተለች፣ «አትቀየሙኝ፤ ቅቤ የለኝም። በሃምሳው ቀን እንግዳ በደረቅ ወጥ አበላሁ» አለች።

እኛ ሁለት ቀን ሙሉ በሦስት ሆቴል ቅቤ የሌለበት ሽሮ ስንለምን ኖረን፣ እዚህ ሳንጠይቅ ተሰጠን፤ የሰጠችን ሴት ግን አፈረችበት። ወንድሜ በደስታ በላ፤ ጨምሪልኝም ብሎ ደገመ። ሴትዮይቱም ፊቷ ፈታ አለ። ሥጋ መቼ እንደ በሉ ቢጠይቃት፣ ለፋሲካ ከጎረቤት ጋር ቅርጫ ገብተው እንደ ነበረ፣ ከዚህ በኋላ ደግሞ ለመስቀል እንደሚሆን ነገረችው። በዐቢይ ጾም ባለጸጋውም ድኻውም ያንኑ ሽሮ ስለሚበላ ማንም በማንም ፊት አያፍርም፤ በትንሣኤ ሌሊት ዶሮ ሲጮህ ማዕዱ ይለያያል። እኔ ሠላሳ ዓመት ያህል ስጾምና ስፈታ ኖሬ ይህን አስቤው አላውቅም ነበረ።

መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ ወንድሜ ለብዙ ጊዜ ዝም አለ። በመጨረሻ፣ «እኔ መርጬ ነው የተውሁት። እሷ ግን ቅቤ ቢኖራት ኖሮ ታስገባበት ነበረ፤ እኔም ያን ጊዜ አልበላም እላት ነበረ» አለኝ። ምን እንደምመልስለት አጣሁ። አክስቴ ከፊት ወንበር ሆነው ሰምተውት ኖሮ ሳይዞሩ፣ «ለእሷስ ትበላላት ነበረ» አሉ። እበላ ነበረም፣ አልበላም ነበረም አላለም።

ያን ማታ አክስቴ ነጠላቸውን አጣፍተው ከሆቴሉ ማድ ቤት ገቡ። ወጥ ቤቷ መጀመሪያ ደነገጠች፤ በኋላ ግን ሁለቱ ሲሳሳቁ እስከ ውጭ ድረስ ይሰማ ነበረ። ምስሩን ቀቅለው፣ ሰናፍጭና ቃሪያ ጨምረው አዚፋ ሠሩ፤ ጎመንም በዘይት አበሰሉ፤ ይዘው መጥተው ከልጃቸው ፊት አኖሩና፣ «ጾም አይደለም፤ እራት ነው» አሉት። አስተናጋጁም እያየ፣ ነገ ለሌሎች እንግዶች ይሠራ እንደ ሆነ ጠየቀ። ከዚያ በኋላ በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ፣ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ በዚያች ከተማ ላይ ደርሶ፣ እንግዳም ጠፍቶ ብዙ ሆቴሎች በራቸውን ሲዘጉ፣ እኔ አስቀድሜ ያሰብሁት ያችን ወጥ ቤት ነበረ።

ወንድሜ ወደ እንግሊዝ አገር በተመለሰ ጊዜ አክስቴ በርበሬና ምጥን ሽሮ ቋጥረው ሰጡት። አሁንም በስልክ በተነጋገሩ ቁጥር የበላውን ይጠይቁታል፤ ስለ ሃይማኖቱ ግን ዳግመኛ አላነሡበትም። ለጎረቤቶቻቸው ሐኪም ከልክሎት ነው እያሉ መናገራቸውን ሰምቻለሁ፤ ይህን ለእሱ አልነገርሁትም። የማሩ ገንቦ ከእኔ ቤት ቀርቶ ነበረ። ልልክለት አልችልም፤ ለእሳቸውም ልመልሰው አፈርሁ፤ በሦስት ወር ውስጥ ብቻዬን በልቼ ጨረስሁት።