ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው

እኛ ሰዎች ማመልከቻ ልንጽፍ ስንቀመጥ ሌላ ፍጡር እንሆናለን። ሲያወራ አገር የሚያስቅ፣ ሲከራከር ጠበቃ የሚያስንቅ ሰው፣ «ጉዳዩ» ብሎ ጽፎ ከሥሩ ካሰመረ በኋላ ነፍሱ ትጨመደዳለች። ወዲያው «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው እኔ አመልካች...» ይላል። ልብ በሉ፤ ነገሩ በርዕሱ ተሞከረ እንጂ አልተገለጸም። ከዚያ «የተለመደው ትብብራችሁ እንዳይለየኝ» ይመጣል፤ ትብብሩ መቼ እንደተለመደ የሚጠይቅ የለም። ከዚያ «ከታላቅ አክብሮት ጋር» ተብሎ ይፈረማል። ወረቀቱ ሙሉ ነው። ሰውየው ግን የት ገባ? የለም።

ይህን ያነሳሁት ለጨዋታ ብቻ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የእህቴ ልጅ ከወደራ ደወለችልኝ። ወደራ፣ ለማታውቋት፣ ከክብረ መንግሥት ወደ ነገሌ ቦረና በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። እህቴ ትዳር ይዛ ወርዳ እዚያው ቀረች። ልጅቷ ያኔ አሥረኛ ክፍል ገብታለች።

«ጋሼ፣ ለትምህርት ቤታችን ቀይ መስቀል ክበብ ሊቀመንበርነት ልወዳደር ነው። ማመልከቻዬን ያሳምሩልኝ» አለች።

ማመልከቻው በኦሮምኛ የተጻፈ ስለሆነ እየተረጎመች አነበበችልኝ። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ምን ቢል ጥሩ ነው? «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው»! ቋንቋው ተቀይሯል፤ ቢሮው ግን ያው ነው። ቀጥሎ «የአመራር ክህሎቴን ለማዳበርና የወደፊት ራዕዬን ለማሳካት» ይላል። ሦስተኛው መስመር «በራስ መተማመኔን» ብሎ ይነሳል።

«እሺ ልጄ፤ አንቺ ይህን ሁሉ ታገኛለሽ። ክበቡስ ምን ያገኛል?» አልኳት።

ዝም አለች። የስልኩ ካርድ ያለቀ መሰለኝ።

እዚህ ላይ ልጅቷን ልተዋትና ስለ እኛ ላውራ። ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በነበርኩባቸው ዓመታት የድጋፍ ደብዳቤ የጻፍኩላቸውን ልጆች ቁጥር አላስታውስም። ውጭ አገር ለስኮላርሺፕ የሚያመለክት ሁሉ ፎርሙ ላይ «ሊደርሺፕ» የሚል ሳጥን ይገጥመዋል። ሳጥን ደግሞ ባዶ መተው አይወድም። አንድ ዓመት ከአንድ ክፍል ብቻ አራት የክበብ ሊቀመንበሮች ደብዳቤ እንድጽፍላቸው መጡ። የአራቱም ክበብ አንድ ነበር! በነገራችን ላይ ልጆቹን አልወቅሳቸውም። ዓለሙ የሚጠይቃቸው የያዙትን ወንበር እንጂ የሠሩትን ሥራ አይደለም። አሜሪካኖቹ በ1925 እ.ኤ.አ. ሳክራሜንቶ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ «ኪ ክለብ» የሚባለውን የተማሪዎች የአገልግሎት ክበብ ሲጀምሩ፣ ሮታሪዎችም በ1962 እ.ኤ.አ. «ኢንተራክት»ን ሲያቋቁሙ፣ ሐሳባቸው ልጆች አካባቢያቸውን ማገልገል እንዲለምዱ ነበር። ዛሬ ግን አገልግሎቱ ለስንቱ ወጣት የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ትኬት እንደሆነ እነሱም ያማርራሉ።

በእኛ ዘንድ ደግሞ ነገሩ ሌላ ሥር አለው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ብሎ የተረተ ሕዝብ ልጁን «ሊቀመንበር ሁን» ሲለው ምን እያለው ነው? የቀይ መስቀል ክበብ ውስጥ እኮ የሚበላ ነገር የለም። ያለው አንድ የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን፣ ጥቂት ፋሻና አዮዲን፣ የአባልነት መዋጮ የሚመዘገብበት ደብተር ነው። እንዲህም ሆኖ ሹመቱ ይጣፍጣል። በሰልፍ ላይ ስም ይጠራል፤ ማይክራፎን ይያዛል፤ እንግዳ ሲመጣ ከፊት ይቆማል።

አሁን ወደ ቆላው እንውረድ። ከነገሌ ማዶ፣ በቦረና ምድር፣ ዱብሉቅን በመሳሰሉ ቦታዎች «ቱላ» የሚባሉት ጥንታዊ ጥልቅ ጉድጓዶች አሉ። ውሃው የሚወጣው ሰው በሰው ላይ እንደ መሰላል ቆሞ፣ ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ እያቀባበለ፣ እየዘፈነ ነው። የእያንዳንዱ ጉድጓድ የዕለት ሥርዓት «አባ ሄሬጋ» በሚባል ሰው እጅ ነው። «ሄሬጋ» ቆጠራ፣ ሒሳብ ማለት ነው። ስለዚህ አባ ሄሬጋ የተራ ቆጣሪው ነው፤ የማን ከብት በየትኛው ቀን እንደሚጠጣ፣ ማን ከማን እንደሚቀድም፣ ጉድጓዱ መቼ እንደሚጠረግ የሚያውቅ ሰው። ቆጠራውን ካሳሳተ ከብት ይሞታል። ሹመቱ የሚለካው በዚያ ነው።

የገዳ ሥርዓትን ዩኔስኮ በ2009 ዓ.ም. በሰው ልጅ ቅርስነት መዝግቦታል። ሥልጣኑ በየስምንት ዓመቱ እንደሚተላለፍ ሁላችንም እንናገራለን። ፕሮፌሰር አስመሮም ለገሠ ስለ ገዳ ሲጽፉ ያጎሉት አንድ ነገር ግን ብዙ አይወራለትም፤ የተመረጠ መሪ ወዲያው ወንበሩ ላይ አይወጣም። በምርጫውና በሹመቱ መካከል የመፈተኛ ዘመን አለ። መጀመሪያ ሸክሙን እንዲያሳይ ይጠበቃል፤ ወንበሩ ኋላ ይመጣል። እኛ ዘመናዊዎቹ ግን አስቀድመን ሾመን ኋላ እንፈትናለን፤ ሲወድቅም ወንበሩን ለማስለቀቅ ደም ይፈሳል።

ነገሌ ራሷ የዚህ ምስክር ናት። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. እዚያ የነበረው ጦር አመፀ። ምክንያቱ ያኔ ርዕዮተ ዓለም አልነበረም። የወታደሩ ምግብ የማይበላ ነበር፤ የውሃ ፓምፑም ተበላሽቶበት፣ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ አናካፍልም አሉት። ንጉሠ ነገሥቱ የምድር ጦር አዛዡን ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ጉዳዩን እንዲያዩ ላኳቸው። ወታደሮቹም ጄኔራሉን ይዘው የወታደሩን ምግብ አበሏቸው፤ የወታደሩን ውሃ አጠጧቸው። ወሬው ከጦር ሰፈር ወደ ጦር ሰፈር ተዛመተ፤ በዓመቱ መስከረም 2 ቀን ንጉሡ ከዙፋናቸው ወረዱ። ለአብዮቱ ሌላም ብዙ ምክንያት እንዳለው አውቃለሁ። ነገር ግን የአንድ ጉድጓድ ውሃ አለመካፈል ምን ያህል ርቀት እንደሚሄድ ማየት ለሚፈልግ፣ ነገሌን ያህል ትምህርት ቤት የለም።

ቀይ መስቀሉም ለዚያ ምድር እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል በ1927 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ጥቂት ወራት ሳይቆይ ጣሊያን ወረረን። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት አውሮፕላኖች በገናሌ ወንዝ አጠገብ፣ መልካ ዲዳ ላይ፣ የስዊድን ቀይ መስቀልን የመስክ ሆስፒታል ደበደቡ። ምልክቱ ተዘርግቶ ይታይ ነበር። ቁስለኞች በተኙበት ሞቱ፤ ከስዊድናውያኑም አንዱ ሕይወቱ አለፈ። በዚያው ጥር ነገሌ ተያዘች። የወደራ ልጅ «ቀይ መስቀል» ስትል ሳታውቀው የምትጠራው ታሪክ ይኸ ነው።

ወደ ስልኩ ልመለስ። ልጅቷ ዝም ካለች በኋላ ቀስ እያለች ማውራት ጀመረች። የቆላው ዝናብ አራት ወቅት በተከታታይ ከሽፎ ነበር፤ አምስተኛው፣ የሐጋያው ዝናብም ቀረ። ከብት ያለቀባቸው ሰዎች ልጆቻቸውን ወደራ ወዳሉ ዘመዶቻቸው ላኩ። ከነሱ ጥቂቶቹ እሷ ክፍል ገቡ። ደብተር የላቸውም። እሷ ከጓደኞቿ ያልተጻፈባቸውን ገጾች እየለመነች፣ በመርፌና ክር እየሰፋች ደብተር ሠራችላቸው። የትምህርት ቤቱ ሮቶ ሲደርቅ፣ ከየክፍሉ ጀሪካን የሚያመጣውን ልጅ ተራ የምትይዘው እሷ ናት። በወር አበባ ምክንያት ከትምህርት የሚቀሩትን ሴቶች ታውቃለች፤ ለነሱ ሞዴስ የሚገዛበት መዋጮ ትሰበስባለች። የእርዳታ ሣጥኑ ቁልፍም እሷ ጋ ነው።

«ይህን ሁሉ ለምን አልጻፍሽውም?» አልኳት።

«እንዴ ጋሼ! ይኸ ሥራ ነው እንጂ አመራር ነው እንዴ?»

መልሷ ለሳምንት እንቅልፍ ነሳኝ። አሥራ ስድስት ዓመት ያልሞላት ልጅ ሥራና አመራር ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ ከየት ተማረች? ከእኛ ነዋ! ማመልከቻውን አላሳመርኩላትም። «ለእኔ የነገርሽኝን በነገርሽኝ ቋንቋ ጻፊው» አልኳት። ጻፈችው። ሰባት ዐረፍተ ነገር ብቻ ሆነ፤ ርዕሱም ምንም ሳይሞክር ቀጥ ብሎ ገለጸ።

ተሸነፈች። ሦስት ተወዳዳሪዎች በጠዋቱ ሰልፍ ላይ ንግግር አደረጉ። በሚኒ ሚዲያ ድምፁ የታወቀ አንድ ጎበዝ ልጅ ስለ ሰብአዊነት አስር ደቂቃ ተናግሮ ግቢው በጭብጨባ ተናጋ። እሷ ሁለተኛ ወጣችና ጸሐፊ ተደረገች።

እህቴ ልታጽናናት «ዋናው ማገልገል ነው» አለቻት አሉ። እኔም ለማጽናኛ የሚሆን ታሪክ አላጣሁም ነበር። ጀርመናዊው ደራሲ ኸርማን ሄሰ በ1932 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ወደ ምሥራቅ ጉዞ» በሚለው ሥራው ውስጥ ሌኦ የሚባል አገልጋይ አለ። የመንገደኞቹን ጓዝ ይሸከማል፤ ያፏጭላቸዋል። እሱ የጠፋ ዕለት ጉዞው ይፈርሳል። ኋላ ላይ ለካ ሌኦ የማኅበሩ አለቃ ነበር። አሜሪካዊው ሮበርት ግሪንሊፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ስለ አገልጋይ መሪነት ታዋቂ ጽሑፉን የጻፈው ከዚህ ታሪክ ተነስቶ ነው። እኔም ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ።

ለልጅቷ ግን አልነገርኳትም። ምክንያቱም ታሪኩ የሚጣፍጠው ሌኦ መጨረሻው ላይ አለቃ ሆኖ ስለሚገኝ ነው። የእኛዎቹ ተሸካሚዎች ግን መጨረሻውም ላይ ተሸካሚ ናቸው። ማኅበር ባለበት ሁሉ ተመልከቱ፤ ዕድሩን፣ የወላጆች ኮሚቴውን፣ ክበቡን። ሊቀመንበሩ ወንድ፣ ጸሐፊዋና ገንዘብ ያዧ ሴት። «ዋናው ማገልገል ነው» የምንለው ለማን ነው? ማይክራፎኑን ለያዘው ብለነው አናውቅም። ጀሪካኑን ለያዘችው ነው። ማገልገል ዋናው ከሆነ፣ ወንበሩን ለሚያገለግለው ሰው መስጠት ለምን ይከብደናል?

ልጅቷ ከእኔ ይልቅ ብልህ ሆና ተገኘች። ጸሐፊ ቃለ ጉባኤ ይይዛል፤ አጀንዳም ያዘጋጃል። በዓመቱ መጨረሻ ስብሰባ ላይ፣ እሷው ባረቀቀችው አጀንዳ፣ አንድ ሐሳብ ቀረበ፤ «ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ለሊቀመንበርነት የሚወዳደር ሰው ከምርጫው በፊት አንድ ወር በውሃ ተራና በእርዳታ ሣጥን ላይ ይሠራል፤ የሠራውም ለአባላት በጽሑፍ ይነበባል።» የክበቡ ተጠሪ መምህር ወደዱት፤ አባላቱም እጅ አወጡለት። ስለ ገዳ የመፈተኛ ዘመን እኔ አልነገርኳትም። አገሩ ላይ ያደገ ሰው ከመጽሐፍ መስማት አያስፈልገው ይሆናል።

በ2016 ዓ.ም. አራት ልጆች አመለከቱ። አንዱ በሁለተኛው ሳምንት «ጀሪካኑ ወገቤን ጎዳኝ» ብሎ ወጣ። ያ ተናጋሪው ልጅ ግን፣ ልመስክርለት፣ ወሩን ሙሉ ሠራ፤ እህቴ እንደነገረችኝ ንግግሩም ከበፊቱ አጠረ። ልጅቷ በጥቂት ድምፅ ብልጫ ተመረጠች። እሱ ጸሐፊ ሆነ።

እንግዲህ አስተማሪ የሆናችሁ አንባቢዎቼ፣ ክበብ የምትመሩ፣ ፎርም የምታዘጋጁ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። «መምራት ለምን ፈለግህ?» የሚለውን ጥያቄ ሰርዙት። ለዚህ ጥያቄ የማይዋሽ የለም፤ እውነቱን ልናገር የሚልም እንኳ እውነቱን አያውቀውም። በምትኩ «እስከ ዛሬ ምን ስትሠራ ቆየህ? ማንስ አይቶሃል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሴት ልጅ ስታመለክት ደግሞ የሠራችውን ሥራ «ሥራ ብቻ ነው» ብላ እንዳትተወው ጎትጉቷት።